ቱሉስዱ፦ ዓርብ የሚመጣው ማዕበል 1.3 ሜትር ብቻ አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዱባይ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ፈቃዴን ሰርፍ እያደረግኩ (በቦርድ ሞገድ እየጋለብኩ) የማሳልፈው ግን ማልዲቭስ፣ ሰሜን ማሌ አቶል (እንደ ቀለበት የተሰበሰቡ የኮራል ደሴቶች) ውስጥ ባለችው ቱሉስዱ ደሴት ነው። ደሴቲቱ ዳር የሚሰበረው ሞገድ ኮክስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለው የኮካ ኮላ ፋብሪካ ነው። ከእናንተ መካከል በዚህ ሳምንት ወደዚያ የምትበሩ እንዳላችሁ አይቻለሁና የባሕሩንና የአየሩን ሁኔታ እኔ እንደማነበው ልጻፍላችሁ።

ትናንት እሑድ ከማስካሬን ደሴቶች አካባቢ ከባድ ማዕበል ተነስቷል። የመጀመሪያዎቹ ሞገዶች ሐሙስ ማታ ቱሉስዱ ይደርሳሉ። የማዕበል ትንበያው ሠንጠረዥ ለሐሙስ 0.6 ሜትር በ18 ሰከንድ፣ ለዓርብ 1.3 ሜትር በ16 ሰከንድ፣ ለቅዳሜ 1.2 ሜትር በ14 ሰከንድ ይላል። ነፋሱ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው። ኮክስ በአቶሉ ምሥራቃዊ ዳር ስላለ ይህ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍስበታል፤ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል። ዝናብ አዘል ደመና ሲያልፍ ግን ነፋሱ በአንድ ጊዜ ሊዞር ይችላል። ዝናቡ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ቀዝቃዛ አየር ፊታችሁን ከመታው፣ ያኔውኑ ወደ ዳር ተመለሱ። ጨረቃም ልትሞላ ነውና በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ካለፈው ሳምንት ይሰፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 1.3 ሜትር የሚለውን ቁጥር ብቻውን አትመኑት። የሚነግራችሁ ገና ወደ ዳር ያልደረሰውን፣ ክፍት ባሕር ላይ ያለውን እብጠት ነው። አጠገቡ ያለውን ሰከንድ ተመልከቱ። ሰከንዱ አንድ ሞገድ አልፎ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። 7 ሰከንድ ያለው ሞገድ ጥልቅ ውሃ ላይ ርዝመቱ 76 ሜትር ያህል ነው፤ 16 ሰከንድ ያለው 400 ሜትር ይደርሳል። ሞገድ የባሕሩ ወለል የሚሰማው ጥልቀቱ የርዝመቱን እኩሌታ ሲያህል ነውና ባለ 7ቱ 38 ሜትር ላይ፣ ባለ 16ቱ 200 ሜትር ላይ ወለል ይነካል። ቁመታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ባለ 16ቱ የሚያመጣው ጉልበት ከባለ 7ቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ያ ሁሉ ጉልበት ከጥልቁ ወጥቶ ወገብ የማይሞላ ውሃ ያለበት ኮራል ላይ ድንገት ሲቆም፣ ወረቀት ላይ 1.3 የተባለው ነገር ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ይመጣል።

ልምዳችሁ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ዓርብና ቅዳሜ ኮክስ እንዳትገቡ እለምናችኋለሁ። የምታውቁትን ጻፉ።

ይህን የጻፍኩት ሰኞ ነበር። እስከ ሐሙስ ማታ 19 መልስ መጣ። ዘግይቶ ለሚያነብ ሰው እንዲመች የተባለውን በየተራው አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1። ከአዲስ አበባ የጻፈች እህት ናት። በትሕትና አመስግና፣ ባሕር ያየችው ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ መሆኑን ነግራን፣ ነፋሱ ሌላ ቦታ ነፍሶ ማዕበሉ እንዴት ማልዲቭስ ሊደርስ እንደሚችል ጠየቀች። ከሁሉም መቅደም ያለበት ጥያቄ ነው። ኩሬ ላይ ድንጋይ ሲጣል የሚሆነውን አስታወስኳት፦ ክቡ ዳር የሚደርሰው ድንጋዩ ከሰጠመ በኋላ ነው። ደቡብ ውቅያኖስ ላይ የነፈሰው ነፋስ እዚያው ይቀራል፤ የተናወጠው ባሕር ግን ይጓዛል። ባለ 16 ሰከንድ ማዕበል በሰዓት 45፣ በቀን 1,080 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንገዱ 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ባለ 18ቱ ፈጣን ነውና ይቀድማል። ሐሙስ ማታ 0.6 ሜትር ሆኖ የሚታየው እሱ ነው፤ ትንሽነቱን አይቶ የሚንቀው ሰው ዓርብ ጠዋት ይደነግጣል።

መልስ 2። እስራኤል፣ አሽዶድ ተወልዶ ያደገ፣ ሜዲትራኒያን ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰርፍ የሚያደርግ ወንድም ከእኔ ጋር ተስማማ። የእነሱ ባሕር ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ስሪ ላንካ ሄዶ ባለ 15 ሰከንድ ሲገጥመው፣ አገሩ ላይ የለመደውን የሜትር ቁጥር አይቶ ገባ። በመጀመሪያው ሞገድ ቦርዱ ከእጁ ተነጥቆ እሱ ሁለት ጊዜ ያህል ውሃ ውስጥ ተገለባበጠ። እኔ ያልጻፍኩትን አንድ ትልቅ ነገርም ጨመረ። ከሩቅ የመጣ ማዕበል በመንጋ ነው የሚመጣው፤ አራት አምስት ትላልቅ ሞገዶች ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ባሕሩ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ የተኛ ይመስላል። ጀማሪ ሰው ዳር ቆሞ የሚያየው ያንን የተኛውን ባሕር ነው። እሱ ራሱ አሁን ከመግባቱ በፊት ሰዓት ይዞ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይላል፤ ሁለት መንጋ ሳያይ እግሩን ውሃ አያስነካም።

መልስ 3። እንደ እኔው ዱባይ የሚኖር ወጣት ነው። ጁሜራ ዳር ላይ ለሦስት ወር ተምሯል፤ ትኬቱን ቆርጧል፤ ሐሙስ ከሰዓት ቱሉስዱ ይገባል። ሲጀምር ጨዋ ነበር። ምክሩን እንደሚያከብር ጽፎ፣ ነገር ግን 1.3 ሜትር ደረቱ ድረስ እንኳ እንደማይደርስ፣ ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያም ለዓርብ ጥሩ ምልክት እንደሰጠ ገለጸ። ሰው ዝም ብሎ እንዲፈራ ማድረግ ተገቢ አይደለም አለ። የመለስኩለት በአጭሩ ነው። የዱባይ ሞገድ ሸማል የሚባለው ነፋስ እዚያው ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚያነሳው፣ በአራትና በስድስት ሰከንድ የሚመላለስ፣ የሚያርፈውም አሸዋ ላይ ነው። መተግበሪያው ጥሩ ሲል ለሚችል ሰው ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ የሦስት ወር ተማሪ መሆኑን አያውቅም።

መልስ 4። አዲስ አበባ ውስጥ በሜትሮሎጂ ሙያ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ሰው ገቡና አረሙኝ። ማዕበሉ ከማስካሬን አካባቢ ተነሳ ማለቴ ስሕተት ነው። ማስካሬን የሚባሉት ሞሪሸስ፣ ሬዩኒዮንና ሮድሪገስ ሲሆኑ፣ በዚያ በኩል በዚህ ወቅት ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። ከፍተኛ ግፊት ባለበት ማዕበል የሚያነሳ አውሎ አይኖርም። አውሎዎቹ ከእሱ በታች፣ ከ40 ዲግሪ ደቡብ ወዲያ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይከንፋሉ፤ የእሁዱም ያለፈው 45 ዲግሪ ደቡብ አካባቢ ነው። ልክ ናቸው። በካርታው ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ደባልቄው ነበር፤ አመሰገንኳቸው። ሰውየው አያይዘውም የእኛ አገር የክረምት ትንበያ ሲዘጋጅ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የዚሁ የማስካሬን ከፍተኛ ግፊት ጥንካሬ መሆኑን አስረዱ። ክሩ (ይህ የመልሶች ሰንሰለት) ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ሙሉ ከቱሉስዱ ወጣ።

መልስ 5። ጎጃም ተወልዶ ዋሽንግተን የሚኖር ወንድም በዚህ ነገር እጅግ ተደነቀ። ለእናቱ ማሳ ዝናብ የሚያመጣውና ማልዲቭስ ላይ የሰርፈኛውን ሞገድ የሚያለሰልሰው ነፋስ አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስለ ማልዲቭሶች የዘመን አቆጣጠር አንድ ቦታ ያነበበውንም አካፈለን። ዓሣ አጥማጆቹ ዓመቱን ናካይ በሚባሉ 27 ክፍሎች ከፍለው፣ እያንዳንዱን 13 ወይም 14 ቀን እያደረጉ፣ በየትኛው ነፋስ እንደሚበረታ፣ በየትኛው ባሕር እንደሚረጋ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። የደቡብ ምዕራቡ ወቅት ሁልሃንጉ፣ የሰሜን ምሥራቁ ኢሩቫይ ይባላል። እኛ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ብለን በየክፍሉ እንደምንቆጥረው መሆኑ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ስመላለስ ናካይ የሚለውን ቃል ከጀልባ ነጂዎቹ ስሰማ ኖሬ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

መልስ 6። አንድ ሰው ተቆጥቶ ገባ። የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ከአትላንቲክ ተነስቶ በኮንጎ በኩል ነው የሚመጣው፤ ይህን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ የሕንድ ውቅያኖስን ማን አስገባው ሲል መልስ 4ን የጻፉትን ሰው ሙያቸው ድረስ ተጠራጠረ። አጻጻፉ ለአንድ አዛውንት የሚገባ አልነበረም።

መልስ 7። አዛውንቱ ግን ቃላቸውን አላጠነከሩም። እርጥበቱ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ እንዲሁም ከሰሜን ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በኩል እንደሚመጣ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መካድ እንደማያስፈልግ ጻፉ። ከዚያ የነፋሱን ጉዞ አንድ በአንድ አሳዩን። ከማስካሬኑ ከፍተኛ ግፊት የሚወጣው ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ ኬንያ ዳርቻ ላይ የምድር ወገብን ያቋርጣል፤ እዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እንደ ግንብ ይቆሙበታል። የእኛም ደጋ የግንቡ አካል ነው። በምድር መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኝ ይታጠፍና በሶማሊያ ዳርቻ እየፈጠነ ወደ ሕንድ ይከንፋል። ፊንድላተር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ነፋስ በዝርዝር ስለጻፈበት እስካሁን በስሙም ይጠራል። ማልዲቭስ የሚደርሰው የዚሁ ትልቅ ነፋስ የደቡብ ጠርዙ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዓርብ ጠዋት ከየብስ በኩል ጀርባዬን የሚነካኝን ነፋስ እንደ ድሮው አላየውም።

መልስ 8። ነፋሱ ሶማሊያ ሲደርስ አንድ ሰው ወሬውን ወደ አሰብና ወደ ወደብ ወሰደው። ሁለት ሰዎች ሊከተሉት ሲጀምሩ፣ ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፍቱ፣ እዚህ ግን ዓርብ ውሃ የሚገባ ልጅ እንዳለ አስታወስኳቸው። እንዳከበሩልኝ መመስከር አለብኝ።

መልስ 9። ከሁሉም ይበልጥ የተማርኩበት ይህ ነው። ማልዲቭስ ውስጥ ሆቴል ቤት ለአምስት ዓመት ምግብ ሲያበስል የኖረ፣ በእረፍቱ ቀን ሰርፍ ያደርግ የነበረ ወንድም፣ ሰከንዱን አጉልቼ አቅጣጫውን ዘልዬዋለሁ ሲል ወቀሰኝ። የማልዲቭስ አቶሎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የተዘረጉ ናቸው። ማዕበሉ ከደቡብ ደቡብ ምዕራብ ከመጣ ከታች ያሉት አቶሎች ይሸፍኑታል፤ ቱሉስዱ የሚደርሰው ዞሮ፣ ጉልበቱን ጥሎ ነው። ከደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ከመጣ ግን በምሥራቁ ክፍት ባሕር በኩል ያለ ከልካይ ይገባል። ዓርብ የሚመጣው ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሆነ (180 ማለት በቀጥታ ከደቡብ ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ ወደ ምዕራብ፣ ሲያንስ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል) እኔ የፈራሁትን ያህል አይሆንም የሚል ነበር ግምቱ።

ሠንጠረዡን እንደገና ከፈትኩ። ዓርብ ላይ ልክ ነበር፤ 205 ዲግሪ ይላል። ቅዳሜ ግን አውሎው ወደ ምሥራቅ እየሄደ ስለሆነ ወደ 170 ይዞራል። ስለዚህ ቁጥሩ ከዓርቡ ያነሰው የቅዳሜው ማዕበል ቱሉስዱ ላይ ከዓርቡ ሊበረታ ይችላል። ይህን ካየሁ በኋላ ከዓርብ ይልቅ ቅዳሜን ተጠንቀቁ ብዬ ጻፍኩ። እሱም ተስማማ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ከሩቅ ደቡብ የመጣ ማዕበል ብዙ ደሴቶችን አጥለቅልቆ ቤት ውስጥ እንደገባ ደሴተኞቹ የነገሩትን አነሳ። አገሩ በአማካይ ከባሕር በላይ 1.5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ልንጫወትበት የምንጠብቀውን ማዕበል እነሱ በር ዘግተው የሚጠብቁበት ቀን አለ። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታቸው ቢጫ ማስጠንቀቂያ ካወጣ ጀልባ ለምኖ መውጣት ነውር ነው አለ። ይህን ቃሉን ወድጄለታለሁ።

ይኸው ወንድም ስለ ሞገዶቹ ስምም ጽፎ ብዙ ሰው ተደሰተበት። ከኮክስ መተላለፊያ ማዶ ያለው ቺክንስ የተባለው ደሴቱ ላይ ዶሮ ይረባ ስለነበር ነው። ሂማፉሺ ዳር ያለው ጄልብሬክስ የተባለው አጠገቡ እስር ቤት ስለነበር ነው። ሰርፍን እዚያ አገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሰሜን ማሌ ላይ ጀልባው ተሰብሮ የቀረ ቶኒ ሂንዴ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ እዚያው አግብቶ፣ ሁሴን ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪያርፍ ድረስ እነዚያን ሞገዶች ሲጋልብ ኖረ።

መልስ 10 እና 11። ጓደኛዬ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛ ቪዛ ታገኛለች ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ኢትዮጵያዊ ሲደርስ ለ30 ቀን የሚያገለግል ቪዛ እዚያው አየር ማረፊያ በነጻ እንደሚሰጠው፣ ከመብረር በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ የመግቢያ ቅጹን በኢንተርኔት መሙላት እንደሚገባ አንዱ መለሰ። ተከትሎ የገባው ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ለኢትዮጵያዊ ሁሉ ግዴታ ነው አለ። አረምኩት፦ የሚጠየቀው በፓስፖርቱ ሳይሆን በመጣችሁበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ካርዱን ይያዝ።

መልስ 12። አቡ ዳቢ የምትሠራ ነርስ እህታችን ስለ ኮራል ቁስል ጻፈች። እዚያ ሎሚ የሚጨምቁበት ልማድ አለ፤ እሱን ተዉት አለች። ኮራል ሲቆርጥ ዓይን የማያየው ስባሪ ሥጋ ውስጥ ይቀራል፤ ቁስሉን የሚያመረቅዘው እሱ ነው። በንጹሕ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ ቢያምም በፋሻ ጨርቅ ፈትጎ ስባሪውን ማውጣት፣ የቲታነስ ክትባት የቆየ ከሆነ ማሳደስ፤ ቅላቱ ዙሪያውን እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ። ቁስል ላይ ሳለ ወደ ባሕር መመለስ የለም። ይህን መልስ ክሩ አናት ላይ አስሬዋለሁ።

መልስ 13። መልስ 3ን የጻፈው ወጣት ረቡዕ ማታ ተመለሰ፤ በዚህኛው ጊዜ ጨዋነቱ አልነበረም። መልስ 9ን ጠቅሶ፣ ዓርብ ማዕበሉ እንደሚሸፈን ከተነገረ በኋላ እኔ አሁንም አትግቡ ማለቴ ቦታውን ለራሴ ለማቆየት ነው አለ። ቀድሞ የደረሰ ሰው ባሕሩን የግሉ ያደርገዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ትኬቱን በገንዘቡ ገዝቷል፤ ሆቴሉን ከፍሏል፤ ይገባል።

መልስ 14። ሌላ ሰው ተነስቶ በልጁ ላይ ክፉ ነገር ጻፈ። ደገኛ ከባሕር ምን አለው፣ ይግባና ይማርበት የሚል መንፈስ ያለው ነው። እንዲያነሳው ጠየቅኩት፤ አነሳ። ሰው እንዲማር ተብሎ አይቆረጥም። ጣና ላይ ታንኳ እየቀዘፈ ያደገ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዋና የተማረ ሰው ባለበት አገር የምን ደገኛ ነው የሚባለውም አልገባኝም።

መልስ 15። ይህ የእኔ ነው። ልነግራችሁ ያልፈለግኩትን ነገር የጻፍኩት ልጁ ስለተናደደብኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የአክስቴን ልጅ ይዤው ሄጄ ነበር። ሻርጃ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የማያንስ፣ በትንሽ ሞገድ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ነው። በማግስቱ ለጉዳይ ወደ ማሌ በጀልባ መሄድ ነበረብኝና፣ ሌሊት የሙላቱን ሠንጠረዥ አይቼ መልእክት ተውኩለት፦ ሙላቱ 4 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በፊት እንዳትገባ። ሠንጠረዡ ያለው 10:00 ነው። እኔ ቤት ውስጥ እንደምንናገረው 4 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት የሚቆጥረው በስልኩ ነው። ቃሌን አክብሮ ጠዋቱን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠበቀ፤ ያ ጥሩ ውሃ ዓይኑ እያየ አለፈ። ስልኩ 16:00 ሲል ገባ።

በዚያ ሰዓት ውሃው ሸሽቶ ነበር። ሞገዱ ከመሰበሩ በፊት ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ሲመጥጥ የኮራሉ ቡናማ ራሶች ብቅ ይላሉ፤ ውሃ በመካከላቸው እንደ ቦይ እየተንሿሿ ይወርዳል። እሱ ግን ሙላት ነው ብሎ ስላመነ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው ብሎ አሰበ። ሦስተኛው ሞገድ ላይ ወደቀ። ከቀኝ ትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ በማበጠሪያ እንደተጎተተ ጎን ለጎን የሄዱ ቁርጦች ነበሩት፤ የቦርዱ ሦስቱም ክንፎች ተነቅለው ቀርተዋል። የደሴቲቱ ልጅ በራሱ ቦርድ ላይ አስተኝቶ ጎትቶ አወጣው። ከማሌ ስመለስ የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ አገኘሁት። መጀመሪያ ያለኝ፣ ልክ 4 ሰዓት ላይ መግባቱን ነው።

መልስ 16። ከአሽዶድ የጻፈው ወንድም ወዲያው ስሌቱን አስቀመጠ። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ነው። የእኛ ሰዓትና የስልኩ ሰዓት የሚለያዩት ደግሞ በ6 ሰዓት ነው። ስለዚህ በሐበሻ ሰዓት የተነገረውን ሙላት በስልክ ሰዓት የሰማ ሰው የሚገባው ትክክል ጉድለቱ ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ወይም ሦስት ሰዓት መሳሳት ቢሆን ግማሽ ውሃ ያገኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን ሳስብ ይህ አልታየኝም ነበር። የልዩነቱ ስፋት ከ1 ሜትር ባይዘልም፣ ያ 1 ሜትር ጀርባና ኮራል መካከል የነበረው ሁሉ ነው።

መልስ 17። መልስ 6ን የጻፈው ሰው ተመልሶ ጥፋቱ የማዕበሉም የልጁም ሳይሆን የእኔ ነው አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ስጽፍ ጠዋት ወይም ከሰዓት ሳልል፣ የስልኩንም ቁጥር ሳልጨምር አልልክም። ሰውየው ይህን ካነበበ በኋላ አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 18። አዛውንቱ ሦስተኛ ሰዓት እንዳለ አስጠነቀቁ። ብዙ የአየር ካርታ የሚሠራው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ማልዲቭስ ከዚያ በ5፣ ዱባይ በ4፣ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ካርታ ላይ 00 የሚለው ቱሉስዱ ላይ ማለዳ 11 ሰዓት፣ በስልኩ 05:00 መሆኑ ነው። መተግበሪያው የየትኛውን ቦታ ሰዓት እንደሚያሳይ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መልስ 19። ሐሙስ ማታ ወጣቱ ከቱሉስዱ ጻፈ። ከጀልባ እንደወረደ ሻንጣውን ጥሎ ወደ ዳር ሄዷል። ባሕሩ ተኝቶ ነበር፤ መልስ 2 ትዝ ብሎት ተቀምጦ ጠበቀ። አሥራ ሦስት ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ አምስት ሞገድ ተከታትሎ መጣ፤ 0.6 የተባለው ሞገድ ውሃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረውን የደሴቲቱን ልጅ ከራሱ በላይ አልፎት ሄደ። ዓርብና ቅዳሜ የደሴተኞቹ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የአገሩ ልጆች በብዛት እንደሚወጡ ሰምቷል፤ እነሱን ከዳር ሆኖ ሊያይ ወስኗል። እሑድ ማዕበሉ ሲቀንስ፣ አስተማሪ ይዞ፣ ለጀማሪ ወደሚሆን ቦታ በዶኒ (በአገሩ ጀልባ) ይሄዳል። ስለተናገረኝ ነገር ምንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሑድ ሙላቱ ስንት ሰዓት ነው?

ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አይቼ ጻፍኩለት። ጠዋት 5:40፤ በስልክህ 11:40።